ጆን ቶሻክ፦ ከካርዲፍ አጥቂ እስከ ካዛብላንካ አሰልጣኝ — ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ቶሻክ ማን ነው?

ማርች 22 ቀን 1949 በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ተወለደ። ሊቨርፑል በ1970ዎቹ ዋንጫ በዋንጫ ሲሆን ከኬቪን ኪገን ጎን የሚሰለፈው ረጅሙ አጥቂ እሱ ነበር። በ28 ዓመቱ ወደ አሰልጣኝነት ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት 40 ዓመታት በዌልስ፣ በፖርቱጋል፣ በስፔን፣ በቱርክ፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በመቄዶንያ፣ በአዘርባጃን፣ በሞሮኮና በኢራን ሠርቷል። በእንግሊዝ ምድር ያለ ክለብ ግን አንድም ቀን አላሰለጠነም። ብዙ የፕሪሚየር ሊግ ተከታታይ ስሙን የማያውቀውም በዚህ ነው።

ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ላየው አንድ ነገር ይታያል። ቡድኑን ከሥር ጀምሮ እንዲሠራ ጊዜና ሥልጣን ከሰጡት ያፈራል። በውድድር ዘመን አጋማሽ እሳት እንዲያጠፋ ሲጠሩት ግን ብዙ ጊዜ እሱም አብሮ ይቃጠላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚሁ ይመለሳሉ።

ዌልሳዊ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያሰለጠነው ስዋንሲም ዌልስ ውስጥ ካለ፣ ለምን በእንግሊዝ ሊግ ተወዳደሩ?

ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ሬክሳምና ኒውፖርት የዌልስ ክለቦች ናቸው፤ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ የሚጫወቱት በእንግሊዝ የሊግ እርከን ውስጥ ነው። ዌልስ የራሷን ብሔራዊ ሊግ የጀመረችው በ1992 ነው። በቶሻክ ዘመን ግን የዌልስ ዋንጫ የሚባል ውድድር ነበረ፤ ያሸነፈው ክለብ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ይሳተፋል። ካርዲፍም ስዋንሲም ከአንደኛው ዲቪዚዮን (ያኔ ከፍተኛው እርከን) በታች እያሉ ጭምር አውሮፓ የደረሱት በዚህ በር ነው።

በካርዲፍ ምን ሠራ?

በኖቬምበር 1965፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ከሌይተን ኦሪየንት ጋር ተቀይሮ ገብቶ ግብ አስቆጠረ። የክለቡ ትንሹ ተጫዋች የሚለው ክብረ ወሰን እስከ 2007 ከእሱ ጋር ቆየ፤ የሰበረው አሮን ራምሴ ነው። ራምሴን ከአንድ ዓመት በኋላ ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ያሰለፈውም ራሱ ቶሻክ መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው።

በሊግ 162 ጊዜ ተሰልፎ 74 ግብ አስቆጠረ። በ1967/68 ካርዲፍ በሁለተኛው ዲቪዚዮን እየተጫወተ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በሃምቡርግ ተሸነፈ። በኖቬምበር 1970 ሊቨርፑል 110 ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው።

ከኪገን ጋር የነበረው ጥምረት ምስጢሩ ምን ነበር?

ቶሻክ 1 ሜትር ከ85 ገደማ፣ ኪገን ደግሞ ከእሱ ከአሥር ሳንቲም ሜትር በላይ ያጠረ። «ረጅምና አጭር አጥቂ» ሲባል ቀላል ይመስላል፤ አሠራሩን በደረጃ ካላዩት ግን አይገባም።

መጀመሪያ ኳሷ ትመጣለች፤ ወይ ከስቲቭ ሃይዌይ የግራ መስመር ትሻገራለች፣ ወይ ከኋላ በረጅሙ ትላካለች። ቶሻክ ከመሃል ተከላካዩ ጋር ሆኖ ይዘላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ዓላማው ሁልጊዜ ወደ ግብ መግጨት አልነበረም። ኳሷን አብርዶ ወደ ጎን ወይም ከተከላካዩ ጀርባ ያወርዳታል። ኪገን ደግሞ ኳሷ ከተገጨች በኋላ አይደለም የሚሮጠው፤ ቶሻክ ገና ከመሬት ሲነሳ ሩጫውን ጀምሯል። ተከላካዩ ዓይኑ ወደ ላይ ነው፤ ዓይኑን ሲመልስ ኪገን አልፎታል። የሊቨርፑል አማካዮች ደግሞ የተበተነችውን ኳስ ለመልቀም ወደ ሳጥኑ ጫፍ ይጠጋሉ። እናም ግጭቱ ቢከሽፍም ማጥቃቱ አይቆምም።

የሚበላሸው መቼ ነበር? አንደኛ፣ ተጋጣሚ አንድ ሰው ከቶሻክ ጋር አስዘልሎ ሌላውን ከኋላ ሲያስቀር፤ ያን ጊዜ ኪገን የሚሮጥበት ቦታ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ቶሻክ ሲጎዳ፤ ይኸኛው ደጋግሞ ደርሷል። በኖቬምበር 1974 ወደ ሌስተር ሊዛወር ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በጭኑ ጡንቻ ላይ በነበረ ችግር የሕክምና ምርመራውን ሳያልፍ ቀረ። ሊቨርፑል ሊሸጠው የነበረው ሰው ታዲያ በ1975/76 ከምርጥ የውድድር ዘመኖቹ አንዱን አሳለፈ፦ በዩኤፋ ካፕ በሂበርኒያን ላይ ሐትሪክ ሠራ፣ በግማሽ ፍጻሜው በካምፕ ኑ ባርሴሎናን 1 ለ 0 ያሸነፈችውን ግብ አገባ፣ ሊጉ በተወሰነበት የወልቭስ ጨዋታም አስቆጠረ።

ጋዜጦች ሁለቱ «በሐሳብ ይነጋገራሉ» ይሉ ነበር። እንዲያውም ቴሌቪዥን ላይ በካርድ ተፈተኑ፤ ቶሻክ አብዛኛውን መለሰ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው የካርዶቹን ምስል በካሜራው ሌንስ ላይ ያየው ነበር።

በዝናብ ተቋርጦ ስለተደገመው የ1973 ፍጻሜ ብዙ ይወራል። ምን ሆኖ ነው?

የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ሜይ 9 ቀን 1973፣ በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ። ተጋጣሚው ቦሩሲያ ሞንቼንግላድባኽ ነበር። የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ቢል ሻንክሊ ቶሻክን አስቀምጦ አማካዩን ብራያን ሆልን አሰለፈ። ዝናቡ ሜዳውን ስላጥለቀለቀው ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተቋረጠ። ሻንክሊ በዚያች አጭር ጊዜ አንድ ነገር አየ፦ ጀርመኖቹ ጉንተር ኔትዘርን ወደ ኋላ ስበው አሰልፈውታል፣ የመሃል መከላከላቸውም ለከፍታ ኳስ ደካማ ነው። በማግስቱ ጨዋታው ሲደገም ሆልን አስቀምጦ ቶሻክን አስገባ። ቶሻክ የሚያወርዳቸው ኳሶች መከላከሉን በጠበጡት፤ ኪገን ሁለት፣ ላሪ ሎይድ አንድ አስቆጥረው 3 ለ 0 ሆነ። የመልሱን ጨዋታ ሊቨርፑል 2 ለ 0 ተሸንፎ በድምር ውጤት 3 ለ 2 ዋንጫውን ወሰደ። ያ ዝናብ ባይጥል ዋንጫው ወዴት ይሄድ እንደነበር መገመት ለአንባቢ ነው።

የግብና የጨዋታ ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያሉ?

አንዱ የሊግ ጨዋታን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ሁሉንም ውድድር ይደምራል። ለካርዲፍ የሰጠነው 162 እና 74 የሊግ ብቻ ነው። በሊቨርፑል የሚጠቀሰው 247 ጨዋታና 96 ግብ ግን የሁሉም ውድድር ድምር ነው። ሁለቱን ዓይነት ቁጥር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ መቀላቀል የተለመደው ስህተት ነው። ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ከ1969 እስከ 1979 ድረስ 40 ጊዜ ተሰልፏል፤ በሜይ 1979 ካርዲፍ ላይ ስኮትላንድን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ሦስቱንም ያስቆጠረው እሱ ነው።

ስዋንሲን ከአራተኛ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን እንዴት አወጣው?

በአሰልጣኝነት ሕይወቱ በጣም የሚጠናው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንመልስ።

በማርች 1978 ተጫዋች-አሰልጣኝ ሆኖ ሲገባ ስዋንሲ በአራተኛው ዲቪዚዮን ነበር። ባዶ ቤት ግን አልገባም። ከእሱ በፊት የነበረው ሃሪ ግሪፊትስ የአካባቢውን ልጆች አሰባስቦ አሳድጎ ነበር፦ አላን ከርቲስ፣ ሮቢ ጄምስ፣ ጄረሚ ቻርልስ። ግሪፊትስ ቦታውን ለቶሻክ ለቆ ምክትል ሆነ። ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ማደጋቸው ሊረጋገጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ኤፕሪል 1978፣ ከጨዋታ በፊት በስታዲየሙ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። የስዋንሲ ታሪክ ሲነገር የቶሻክ ስም ብቻ የሚጠራው ያለ አግባብ ነው።

የቶሻክ ድርሻ በዚያ መሠረት ላይ ሦስት ነገር መጨመር ነበር። አንደኛው ልምድ ነው፦ ከሊቨርፑል ቶሚ ስሚዝንና ኢያን ካላሃንን የመሰሉ የጨዋታ ዕድሜያቸው ሊያበቃ የተቃረበ ሰዎችን አምጥቶ በወጣቶቹ መካከል አሰለፈ። ሩጫ አይጠበቅባቸውም፤ የሚጠበቅባቸው ጨዋታ ማረጋጋትና የአንፊልድን የልምምድ ልማድ ማስተማር ነው። ሁለተኛው ራሱ ነው፦ በ1979 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ያደጉበትን የቼስተርፊልድ ጨዋታ ተቀይሮ ገብቶ በግንባሩ ገጭቶ ጨረሰው። ሦስተኛው በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ያልለመደችው ገበያ ነው። ከዩጎዝላቪያ ጀማል ሃጂአብዲችን፣ ከዚያም አንቴ ራይኮቪችን አመጣ። ሁለቱም ኳስ የሚያውቁ ተከላካዮች ስለነበሩ ስዋንሲ በሊቤሮ (ከተከላካዮቹ ኋላ በሚቆም ነጻ ሰው) የሚጫወት፣ ከኋላ በአጭር ቅብብል የሚወጣ ቡድን ሆነ።

አንድ ዓመት ግን ቆመዋል። 1979/80 በሁለተኛው ዲቪዚዮን ወገብ ላይ አለፈ። ሜይ 2 ቀን 1981 ፕሬስተንን በሜዳው 3 ለ 1 አሸንፈው አንደኛ ዲቪዚዮን ገቡ። በቀጣዩ ኦገስት በመጀመሪያ ጨዋታቸው ሊድስን 5 ለ 1 ደበደቡ፤ ከኤቨርተን የመጣው ቦብ ላችፎርድ በዚያው ቀን ሐትሪክ ሠራ። በውድድር ዘመኑ ውስጥ የሊጉን አናት ተቆናጥጠዋል፣ ሊቨርፑልን በሜዳቸው በቬች ፊልድ 2 ለ 0 አሸንፈዋል፤ ሲያልቅ 6ኛ።

አንፊልድ ላይ የሊቨርፑል ማሊያ ለብሶ ታየ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሻንክሊ በሴፕቴምበር 1981 መጨረሻ ሞተ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስዋንሲ አንፊልድ ላይ ተጋበዘ። በሕሊና ጸሎቱ ጊዜ ቶሻክ የላይ ልብሱን ሲያወልቅ ከሥር የሊቨርፑል ማሊያ ለብሶ ነበር። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። የስዋንሲ ደጋፊዎች ሁሉ አልወደዱለትም።

ታዲያ ስዋንሲ ለምን እንዲያ ፈጥኖ ወደቀ?

በሴፕቴምበር 1982 የማልታውን ስሊማ ዋንደረርስ 12 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን በሜይ 1983 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ቶሻክ በኦክቶበር 1983 ለቀቀ፣ በዲሴምበር አካባቢ ተመለሰ፣ በማርች 1984 ተሰናበተ። በ1986 ክለቡ ተመልሶ አራተኛ ዲቪዚዮን ነበር።

ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን የጎተተ ነው። ለአንደኛው ዲቪዚዮን የተገዙት ተጫዋቾች ዋጋና ደመወዝ ከቬች ፊልድ ገቢ በላይ ነበር፤ ከሊቨርፑል ለመጣው ተከላካይ ለኮሊን ኧርዊን ብቻ ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ ወጥቷል፤ ብዙም ሳይቆይ ክፉኛ ተጎዳ። ዕዳው ሲጠብቅ መሸጥ ተጀመረ፤ ያን ጊዜ ደግሞ በዕድሜ የገፉት ተጫዋቾች ደክመዋል፣ ዋጋ የሚያወጡት ወጣቶቹ ብቻ ናቸው። በየዓመቱ አንድ እርከን የወጣ ክለብ የአካዳሚው፣ የስታዲየሙ፣ የገቢው አቅም አብሮት አልወጣም። እዚህ ላይ ቶሻክን ነጻ ማውጣት አይቻልም፤ ግዢውን የመረጠው እሱ ነው።

በስፔን ለምን ከትውልድ አገሩ በላይ ይከበራል?

ስፖርቲንግ ሊዝበንን በ1984/85 ሁለተኛ አድርጎ ካስጨረሰ በኋላ ወደ ሪያል ሶሴዳድ ሄደ። የሳን ሴባስቲያኑ ክለብ በዚያን ጊዜ የሚያሰልፈው የባስክ ተወላጆችን ብቻ ነው፤ ገበያ ወጥቶ መግዛት የለም። አካዳሚው የሰጠህን መጠቀም ነው። ለቶሻክ ይኼ እጅ ማሰሪያ ሳይሆን የተመቸ ወንበር ሆነ።

ጁን 27 ቀን 1987 በሳራጎሳ የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር 2 ለ 2 ተለያይተው በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 2 አሸነፉ። በማግስቱ ዓመት በሊጉም በንጉሥ ዋንጫውም ሁለተኛ ሆኑ። ከዚያ ባርሴሎና መጥቶ ባኬሮን፣ ቤጊሪስታይንንና ሎፔዝ ሬካርቴን በአንድ ክረምት ወሰደ። የዮሃን ክራይፍ «ህልም ቡድን» ከሚባለው ውስጥ የተወሰነው ጡብ የተጋገረው ሳን ሴባስቲያን ነው።

በጠቅላላው ክለቡን ሦስት ጊዜ አሰልጥኗል። ሁለተኛው ከ1991 እስከ 1994 ነበር። ሦስተኛው በጃንዋሪ 2001፣ ቡድኑ ወደ መውረድ ሲያዘነብል። ያኔ ያደረገውን አንድ ውሳኔ ብቻ እንጥቀስ፦ ኤይባር በውሰት ላይ የነበረውን የ19 ዓመት አማካይ አስመለሰና አምበል አደረገው። ልጁ ቻቢ አሎንሶ ነበር። ቡድኑም ተረፈ። በአጋማሽ ሲገባ አይሳካለትም ላልነው ይህ ትልቁ ማፈንገጫ ነው፤ ግን የገባው የሚያውቀው ቤት ውስጥ ነው።

የሪያል ማድሪዱ 107 ግብ ምን ያህል ትልቅ ነበር?

በ1989/90 ሪያል ማድሪድ 38 ጨዋታ አድርጎ 26 አሸነፈ፣ 10 አቻ ወጣ፣ 2 ተሸነፈ፤ 107 አስቆጥሮ 38 ተቆጠረበት። የግቡ ቁጥር የላሊጋ ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ 2011/12 ቆየ። ነጥቡ 62 ብቻ ነው ብላችሁ አትደነቁ፤ በስፔን ያኔ ለድል የሚሰጠው 2 ነጥብ ነበር። በዛሬው ስሌት 88 ይሆናል።

ሁጎ ሳንቼዝ ብቻውን 38 አገባ፤ ሁሉንም በአንድ ንክኪ ነው የሚባለው። ከኋላው ሹስተር፣ ሚቸል፣ ማርቲን ቫስኬዝ፤ ከጎኑ ቡትራጌኞ። ቶሻክ ለዚህ ቡድን ያደረገው ትልቁ ነገር ሳያበላሹ መተው ነው የሚሉ አሉ፤ ግማሽ እውነት አለው፤ ቡድኑ ከእሱ በፊትም አራት ተከታታይ ሊግ ወስዷል። ሆኖም በዚያው ዓመት በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ (የዛሬው ሻምፒዮንስ ሊግ) ሁለተኛ ዙር በኤሲ ሚላን (2 ለ 0 እና 0 ለ 1) መውደቁ፣ በንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜም በባርሴሎና 2 ለ 0 መሸነፉ አልተረሳም። በኖቬምበር 1990 ተሰናበተ።

«የሚበር አሳማ» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

በፌብሩዋሪ 1999 ሪያል ማድሪድ በድጋሚ ጠራው። በኖቬምበር ላይ ቡድኑ ሲንገዳገድ ግብ ጠባቂውን በአደባባይ ወቀሰ። ፕሬዚዳንቱ ሎሬንሶ ሳንዝ ቃሉን እንዲመልስ ሲፈልጉ፣ ቃሌን ስመልስ ከምታዩ በክለቡ ስታዲየም በበርናቤው ላይ አሳማ ሲበር ማየት ይቀላል የሚል መልስ ሰጠ። ወዲያው ተሰናበተ። ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ ተተክቶ በዚያው ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ። ቶሻክ ከመሄዱ በፊት ግን በሴፕቴምበር፣ ቢልባኦ ላይ፣ አንድ የ18 ዓመት ግብ ጠባቂ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰልፎ ነበር፦ ኢከር ካሲያስ።

ሌላም ስፔኖች እስካሁን የሚደጋግሙለት አባባል አለ፤ ከሽንፈት በኋላ ሰኞ አሥር ተጫዋች ልቀይር እላለሁ፣ ቀናቱ ሲሄዱ ቁጥሩ እየቀነሰ ይመጣል፣ በመጨረሻ እነዚያኑ አሥራ አንዱን አሰልፋለሁ የሚል። መጨረሻ ላይ ያለችውን ስድብ ትተናታል።

በቀሩት ክለቦችስ?

ዴፖርቲቮ ላኮሩኛን ይዞ በ1995 ሪያል ማድሪድን በደርሶ መልስ አሸንፎ የስፔን ሱፐር ካፕን ወሰደ፤ በቤሺክታሽ በ1998 የቱርክ ዋንጫን ጋላታሳራይን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ አነሳ። ሴንት ኤቲየን፣ ካታንያና ሙርሲያ አጭርና የማይጠቀሱ ቆይታዎች ናቸው።

የዌልስ ብሔራዊ ቡድንን ሁለት ጊዜ ይዟል። ተሳካለት ወይስ አልተሳካለትም?

የመጀመሪያው በ1994 ነው። ሪያል ሶሴዳድን ሳይለቅ ጎን ለጎን ያዘው፤ ከእሱ በፊት አሰልጣኝ የነበረው፣ ሕዝቡ የሚወደው ቴሪ ዮራት መሰናበቱ ሕዝቡን አስቆጥቶት ነበር። አንድ ጨዋታ፣ በኖርዌይ 3 ለ 1 ሽንፈት፣ የዮራትን ስም የሚዘምር ስታዲየም። ቶሻክ ትቶ ወጣ።

ሁለተኛው ከኖቬምበር 2004 እስከ ሴፕቴምበር 2010 ነው። በውጤት ከለካነው ለአንድም ትልቅ ውድድር አላለፈም። በ2006 በሜዳው በስሎቫኪያ 5 ለ 1 የተሸነፈ ቡድን በዓመቱ ስሎቫኪያን በሜዳዋ 5 ለ 2 አሸነፈ፤ ቡድኑ ገና ወጣት ስለነበር ውጤቱ እንዲህ ይዋዥቅ ነበር። ከነባሮቹ ከሮቢ ሳቬጅ ጋር ተጋጨ፤ ሌሎችም አንድ በአንድ ከብሔራዊ ቡድን ራሳቸውን አገለሉ።

ነገር ግን ሥራውን ማየት ያለብን ከሄደ በኋላ ነው። አሠራሩ ይህ ነበር፦ የ21 ዓመት በታች ቡድኑን የያዘው ብራያን ፍሊን የእንግሊዝ አካዳሚዎችን እየዞረ በእናት፣ በአባት ወይም በአያት ለዌልስ መጫወት የሚችሉ ልጆችን ይለቅማል። ቶሻክ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሳይጠብቅ ወደ ዋናው ቡድን ያወጣቸዋል። ይህን ማፍጠን ጥቅም ነበረው፤ በወቅቱ በነበረው ደንብ አንድ ተጫዋች በዋናው ቡድን የማጣሪያ ጨዋታ ከተሰለፈ በኋላ አገር መቀየር አይችልም። ጉዳቱ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ልጆቹ የሚማሩት በሽንፈት ነው፣ ደጋፊው ይሰላቻል፣ አሰልጣኙ ሥራውን ያጣል። እንደዚያው ሆነ፤ በሞንቴኔግሮ 1 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ ለቀቀ።

ጋሬዝ ቤል በሜይ 2006 በኦስትሪያዋ ግራትስ ከትሪኒዳድና ቶቤጎ ጋር ሲሰለፍ 16 ዓመት ከ315 ቀን ነበረው። አሁን የ2016ቱን የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ዌልስ ቤልጂየምን 3 ለ 1 ያሸነፈችበትን ቋሚ አሰላለፍ አውጡ፦ ሄነሲ፣ ጉንተር፣ አሽሊ ዊሊያምስ፣ ኒል ቴይለር፣ ጆ አለን፣ ሌድሊ፣ ራምሴ፣ ቤል፣ ሮብሰን-ካኑ። ዘጠኙንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ያሰለፋቸው ቶሻክ ነው። የቀሩት ሁለቱ፣ ቤን ዴቪስና ጀምስ ቼስተር፣ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን የያዘው ክሪስ ኮልማን ያሰለፋቸው ናቸው። ሦስተኛዋን ግብ ተቀይሮ ገብቶ ያስቆጠረውን ሳም ቮክስንም መጀመሪያ ያሰለፈው ቶሻክ ነው።

በሜዳ ላይ ምን ዓይነት አሰላለፍ ይመርጥ ነበር?

በብዙ ቦታ ሦስት የመሃል ተከላካይ፤ አንዱ ከኋላ ነጻ ሰው፣ ማለትም ሊቤሮ። በሁለቱ መስመሮች ተመላላሾች ይሮጣሉ፤ ስናጠቃ አማካይ፣ ስንከላከል አምስተኛ ተከላካይ ይሆናሉ። ለዚህ አሰላለፍ ሁለት ነገር ካልተሟላ አይሠራም፦ ሊቤሮው ኳስ ይዞ መውጣት መቻል አለበት፤ ተመላላሾቹም 90 ደቂቃ የሚሮጥ ሳንባ ያስፈልጋቸዋል። ተጋጣሚ ሁለት የመስመር አጥቂ አቁሞ ተመላላሾቹን ወደ ኋላ ከገፋ ቡድኑ አምስት ተከላካይ ይዞ ይታሰራል፤ አጥቂዎቹም ለብቻቸው ይቀራሉ። የቶሻክ ደካማ ቡድኖች ሲሸነፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው።

በአፍሪካስ?

በ2014 የሞሮኮውን ዋይዳድ ካዛብላንካን ያዘ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ (2014/15) የሊግ ዋንጫ ወሰደ። ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው የ2016ቱ የካፍ ሻምፒዮንስ ሊግ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ያሰናበተውን የወቅቱን ሻምፒዮን ቲፒ ማዜምቤን በቀጣዩ ዙር የጣለው የቶሻክ ዋይዳድ ነበር። ከምድቡም አልፎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ግብፅ ላይ በዛማሌክ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ክለቡ የመልሱን ጨዋታ እንኳ ሳይጠብቅ አሰናበተው። በመልሱ ዋይዳድ 5 ለ 2 አሸንፎ በአንዲት ግብ ልዩነት ወደቀ። የመጨረሻ ሥራው በ2018 በኢራን፣ በታብሪዙ ትራክተር ሳዚ፣ ለጥቂት ወራት ነበር።

ዛሬ አንድ ተጫዋች እንደ እሱ በ28 ዓመቱ በቀጥታ ዋና አሰልጣኝ መሆን ይችላል?

በአውሮፓ ከፍተኛ ሊጎች በዚያ መንገድ አይቻልም። የዩኤፋ ፈቃድ በቅደም ተከተል ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ከዚያ ፕሮ ነው፤ ፕሮውን ለመጀመር ኤው ተይዞ በተግባር የተሠራበት ጊዜ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች ጫማውን ሳይሰቅል ትምህርቱን ቢጀምር ይሻለዋል። የዌልስ እግር ኳስ ማኅበር ኮርስ በዚህ ረገድ ስም ያተረፈ ነው፤ ቲዬሪ ሄንሪና ሚኬል አርቴታ የተማሩት እዚያ ነው።

በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት ነገር ካለ?

ቶሻክ ሊቨርፑልን አሰልጥኖ አያውቅም። ሊቨርፑል በ1977 ሮም ላይ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን ሲያነሳም ሜዳ ውስጥ አልነበረም፤ ተጎድቶ ነበር። ሌላው ከልጁ ከካሜሮን ቶሻክ ጋር መምታታት ነው፤ እሱም አሰልጣኝ ነው፣ በስዋንሲ ወጣት ቡድን ሠርቷል፣ በ2022 በሊድስ ከጄሲ ማርሽ ረዳቶች አንዱ ነበር። «ቶሻክ በሊድስ» የሚል ዜና ካነበባችሁ ልጁ ነው።